በቁሙ የተለቀሰለት ሾፌር

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት። አዲስ አበባ

ፈሪ ነኝ። ቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፣ ኋላ አንባቢ እንዳይታዘበኝ። «ጀግና ለአገሩ፣ ፈሪ ለእናቱ» ሲባል እኔ የእናቴ ድርሻ ነኝ። ሥራዬ ድምፅ መቅረጽ ነው፤ ሰው ሲዘፍን፣ ሲፎክር፣ ሲያለቅስ ማይክሮፎን ይዤ ፊቱ እቆማለሁ። ከስቱዲዮ ባልወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ስለ ገጠር ከያንያን የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ገባሁና፣ ካሴት ያላወጡ፣ መድረክ ያልረገጡ፣ በመንደራቸው ብቻ የታወቁ ሰዎች ፍለጋ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ።

የመንዙን ዋሽንት ነፊና የቡልጋውን ፎካሪ ጨርሰናል። የቀሩን ሁለት ሰዎች ሁለቱም ይፋት ቆላ ውስጥ ናቸው። አንዷ ሸዋ ሮቢት የሚኖሩት አልቃሽ እትዬ ዘነቡ፣ ሌላው ከጀውሃ ወረድ ብሎ ያሉት የመንዙማ አዋቂ ሼህ ሁሴን። ትናንት ለሦስት ሰው ደውዬ «መንገዱ ደህና ነው?» ብዬ ነበር። አንዱ «ሰላም ነው» አለኝ። ሁለተኛው «እስከ ትናንት ሰላም ነበር» አለኝ። ሦስተኛው «ኑ፣ ግን በጊዜ እለፉ» አለኝ። ሦስቱን መልስ ሳገላብጥ ነጋ። እናቴ ደግሞ ምንም ሳትናገር የጠበል ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ወሽቃለች፤ ይኸ ከሦስቱም መልስ ይልቅ አስፈራኝ።

መኪናችን ዕድሜ የጠገበ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነው። ሾፌራችን ጋሼ ንጉሤ ይባላሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ድሮ በደሴ መስመር የሕዝብ አውቶብስ የነዱ፣ የሦስት ሴቶች አባት። ትንሿ ልጃቸው በየከተማው ትደውላለች፤ እሳቸው «ደርሻለሁ» ብለው ይዘጋሉ። ሌላ ቃል ሲጨምሩ ሰምቼ አላውቅም። ከኋላ የተቀመጠው ብሩክ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ አዘጋጁም ካሜራማኑም እሱ። ዓይኑ ወርቅ ነው። አፉ ግን ከዓይኑ ይቀድማል።

ሐሙስ፣ ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል። ጣርማ በር

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን፤ ፍርፍርና ሻይ። ጋሼ ንጉሤ በተወለዱበት ከተማ ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ነው የበሉት። ብሩክ «ጋሼ፣ ዘመድ ሰላም አይሉም?» ቢላቸው «ስንመለስ» አሉና ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ጉም ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከመብራታችን ፊት አልነሣ አለ። ዋሻውን ገብተን ስንወጣ ቁልቁለቱ ተጀመረ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ውሃ የሚያንጠባጥብ ድንጋይ፣ ፊት ለፊት ከጉሙ ውስጥ ብቅ የሚል የጭነት መኪና አፍንጫ። ወንበሬን ጨብጫለሁ። ከአራት አምስት ጥምዝ በኋላ ጋሼ ንጉሤ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ክላክሱን ሁለቴ፣ በቀስታ ነካ ነካ አደረጉት። ፊት ለፊታችን መኪና አልነበረም።

«ምን አለ እዚህ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምንም። መንገድ ነው።»

እጃቸውን አየሁት። መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ማየት ለእንደኔ ዓይነቷ ጥሩ አይደለም። እስከ ደብረ ሲና ድረስ አልተነፈስኩም።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት። ሸዋ ሮቢት

ቆላው ልብስ ያስወልቃል። ከደብረ ሲና በታች ጃኬት፣ አርማንያ ላይ ሹራብ፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ካልሲም አወለቅን። ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል፤ የሽንኩርት ጆንያ እስከ ጣሪያው የጫነ ባጃጅ፣ በዚያ ላይ አንድ ሰው ከጆንያው በላይ። ማሾ በሸራ ላይ ተሰጥቷል። ፓፓያ በየደጁ ተከምሯል፤ ጁሱ በትልቅ ብርጭቆ፣ በማንኪያ የሚበላ እንጂ የሚጠጣ አይደለም።

ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ቁልፉን ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኅቴ፣ ወደ ጀውሃ ከሆናችሁ ከአሥር ሰዓት በፊት ተመለሱ» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«ምንም የለም። ሰው እንደዚያ ስለሚያደርግ ነው።»

እዚህ አካባቢ ሁሉም ሰው «ምንም የለም» ይላል። ከዚያ አስከትሎ የሚነግርህ ምክር ነው የሚያስፈራው። ከሰዓቱን ከክፍሌ አልወጣሁም፤ ባትሪ ሞላሁ፣ ገመድ ፈተሽኩ፣ የፈተሽኩትን ደግሜ ፈተሽኩ።

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። የእትዬ ዘነቡ ግቢ

የፒክአፑ የኋላ ጎማ ሲነጋ ተኝቶ ተገኘ። ጋሼ ንጉሤ እኛን እትዬ ዘነቡ በር ላይ አራግፈው፣ እየተንገጫገጩ ወደ ጎሚስታ ሄዱ። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እትዬ ዘነቡ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ስድሳ አምስት ይሆናቸዋል። ሠላሳ ዓመት በየለቅሶው ሙሾ አውርደዋል። በዚህ ከተማ እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው በደንብ አልተቀበረም ይባላል። በፓፓያው ዛፍ ጥላ ወንበር ዘረጉልን። ድምፃቸው ሲያወሩ ጎርነን ያለና የደከመ ነው፤ እኔ ከወዲሁ ወደድኩት።

ብሩክ «እስቲ ትንሽ ያውርዱልን» አላቸው።

«ምኑን?»

«ሙሾውን።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም። ለካሜራው ነው።»

እትዬ ዘነቡ ሳቁ፤ ብሩክ የምር መሆኑን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። «ልጄ፣ ሙሾ ያለ ሬሳ አይወርድም። ዝም ብሎ ከወረደ ሬሳ ይፈልጋል። ያ ሟርት ነው፤ እኔ ደግሞ አልቃሽ እንጂ ሟርተኛ አይደለሁም።»

ብሩክ ለመነ። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣነው እርስዎን አስበን ነው፣ የልጅ ልጆችዎ ያዩታል፣ ይኸ ጥበብ ሊጠፋ ነው አለ። በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ለዘብ አሉ። «እንግዲያስ የሞተባችሁን ሰው ስም ስጡኝ። የቆየም ቢሆን ግድ የለም። ዕንባ አይሻግትም።»

አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይጠይቃሉ። ስሙን፣ ሥራውን፣ አገሩን፣ ማን እንደቀረበት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይወዛወዛሉ፤ ግጥሙ ሲመጣላቸው ይጀምራሉ። የሰማሁት ሁሉ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ነበርና።

«ስሙ ማነው?»

ብሩክ ትንሽ አሰበ። «ንጉሤ» አለ።

ቀና አልኩ።

«ሥራው?»

«ሾፌር።»

«አገሩ?»

«ደብረ ብርሃን።»

«ልጅ ትቷል?»

«ሦስት ሴቶች።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እጄን ማንሣት፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ልጁ ተሳስቶ ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልኩም። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ግቢው ጸጥ ብሏል፣ የድምፅ መለኪያው ልክ እኔ በምፈልገው ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው ብዬ ዝም አልኩ። ብሩክ ያወራ፣ እኔ ደግሞ ያወቅሁ ነኝ፤ የማን ኃጢአት እንደሚከብድ አላውቅም።

> ንጉሤ ንጉሤ የመኪናው ጌታ፣
> ጣርማ በርን አልፎ ሜዳ ላይ ተረታ።

ድምፃቸው ከደረታቸው ሥር ተነሥቶ ወጣ። 

> መሪው ምን ነገረው መንገዱ ምን አለው፣
> ልጆቹ ደጅ ቆመው እዚያው ላይ ያዋለው።

ለካስ የእትዬ ዘነቡ ድምፅ በሰፈሩ ላይ እንደ ዕድር ጥሩምባ ነው። ሁለተኛው ግጥም ሳያልቅ የግቢው በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፤ ከኋላዋ ሦስት፣ ከዚያ ስድስት። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ደረታቸውን እየመቱ ዙሪያውን ያዙ። ብሩክ ካሜራውን ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ያዞራል፤ የምሥራች የመጣለት ነው የሚመስለው።

በዚህ መሃል ጋሼ ንጉሤ ጎማውን አስጠግነው ተመለሱ። በሩ ላይ ቆሙ፤ እጃቸው ጥቁር ነው። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወደ እሳቸው ጠጋ ብለው «ወንድሜ፣ ማን ነው የሞተው?» ሲሏቸው በማዳመጫው ሰማሁ።

 እትዬ ዘነቡ የጋሼ ንጉሤን ስም ደግመው ጠሩ። አገራቸውን ጠሩ። ልጆቻቸውን ጠሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

«ማን አልከኝ?»

«እኔ ነኝ። ንጉሤ ነኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው መሬቱን መቱ። ለቅሶው ከዳር ወደ መሃል እየደረቀ መጣ፤ መጨረሻ የቀረው የእትዬ ዘነቡ ድምፅ ነበር፣ እሱም በግጥሙ እኩሌታ ላይ ተሰበረ። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ሰው እያየ ነው። «አበስኩ ገበርኩ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩት።

ብሩክ ሊያስረዳ ሞከረ። የሞተ ሰው አላውቅም፣ አባቴም እናቴም አያቶቼም አሉ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው አለ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ሲያመልጥ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ዘነቡ አልጮሁበትም። «ሞት የማያውቅ ልጅ ነው ለቅሶ ሊቀርጽ የመጣው» አሉ። ቀጥለው ወደ ጋሼ ንጉሤ ዞሩ። «ሠላሳ ዓመት ሳለቅስ በቁም ሰው ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም። አሁንም ሳልጨርሰው ነው የተቋረጠው። ያልተጨረሰ ለቅሶ ባለቤቱን እየፈለገ ይዞራል። ስትመለሱ በዚህ እለፉ፤ በእውነት የሞተ፣ ዕንባ የቀረበት ሰው ስም አምጡልኝና በሱ ልዝጋው።»

ሽማግሌው ግን አሁኑኑ የሚደረግ ነገር ፈለጉ። «አብሉት! የሞተ አይበላም» አሉ። አንዷ ፓፓያ ቆርጣ መጣች። ጋሼ ንጉሤ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ አሥር ሴቶች መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቁር እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው በሉ። ሴቶቹ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይናቸው ይሸኛሉ። አንዷ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አማተበች። 

ዓርብ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት። የጀውሃ መንገድ

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ ያልኩት እኔ ነኝ። ብሩክም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ተስማማ። ጋሼ ንጉሤ እንቢ አሉ።

«ወደ ቤት የሚወስደኝ በጣርማ በር ነው። እዚያ ለመድረስ አልቸኩልም» አሉ። «ሼሁም ይጠብቃሉ። ግቡ።»

ስለዚህ ወደ ጀውሃ ወረድን፣ ስማቸው በለቅሶ የተጠራ ሰው እየነዱን። በሁለቱም በኩል ማሽላ ነው፤ የቆመ፣ ሰው የሚሰውር ማሽላ። ግመሎች በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ያልፋሉ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሦስታችንም አንድ ላይ እንደነግጣለን። ጋሼ ንጉሤ ሬዲዮውን ዘጉት። ልጃቸው ስትደውል አላነሡም፤ ይኸ ከሁሉም ባሰብኝ።

ጀውሃ ልንገባ ስንል ከፊታችን፣ ከካራቆሬ ከተማ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ሁለቴ አብለጭልጮብን አለፈ። ሾፌር ለሾፌር ነው፤ ከፊት ነገር አለ ማለት ነው። ጋሼ ንጉሤ ከሚኒባሶች ኋላ ዳር ያዙ። ሞተሩን አጠፉ። ሰው ከየመኪናው ወርዶ ይጠይቃል፤ የሚመልስ የለም። አንዱ ድምፅ ሰማሁ አለ፤ ሌላው የጎማ ነው አለው። አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። እኔ የጠበሉን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ ያዝኩት፤ ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም።

«ሰብለ» አሉኝ ጋሼ ንጉሤ፣ ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ። «ያ ድምፅ አንቺ ጋ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስሜ እዚያ ውስጥ አለ።»

«አሁኑኑ ላጥፋው።»

«አይ። ያልተጨረሰ ነው ብላለች። ሳይዘጋ አትንኪው።»

አርባ ደቂቃ ቆየን። ከዚያ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ከፊት የነበረው ነገር ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ ነው፤ ሾፌሩ ራሱን በጨርቅ አስሮ ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጧል፣ በሕይወት አለ። ጋሼ ንጉሤ ሲያልፉ ረጅም ጊዜ አዩት። ሽታው መኪናችን ውስጥ ገብቶ ዓይናችንን አስለቀሰን፤ ብሩክ ግን ከሽንኩርቱ ከራቅን በኋላም ያለቅስ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። እሳቸውም «እሺ» አሉ።

ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። ከጀውሃ ወረድ ብሎ

ሼህ ሁሴን ከጁምዓ ተመልሰው በቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሰባ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸውን በከፊል ሞራ ሸፍኖታል። ድቤ የሚመታው የወንድማቸው ልጅ ነው። ሲጀምሩ ድምፃቸው እንደሚያስብ ሰው ዝግ ይላል፤ ከዚያ ተቀባዮቹ ሲገቡ መሬቱ ራሱ የሚመልስ ይመስላል። ለግማሽ ሰዓት ፈርቼ እንደነበር ረሳሁ። ጋሼ ንጉሤ ከመኪናው ወርደው ከተቀባዮቹ ኋላ ቆመው ነበር፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ሲጨርሱ ሼሁ «ያ የቆመው ሰውዬ ምን ሆኗል?» አሉ። በዚያ ዓይናቸው እንዴት እንዳዩት አላውቅም።

ጋሼ ንጉሤ ቀረቡና የሆነውን ነገሯቸው፣ ከጎማው እስከ ፓፓያው። ሼህ ሁሴን ሳያቋርጡ ሰሙ።

«አጀሉ ሳይደርስ የሚሞት የለም» አሉ። «ሰው በሰው አፍ አይሞትም። ይኸንን አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፣ ሼህ።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ሲለቀስልህ ስትሰማ ማንን አሰብክ?»

 ድቤውን የሚመታው ሰው እጁን ከቆዳው ላይ አነሣ።

«ጌታሁንን» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «ጓደኛዬ ነበር። አንድ ላይ ነበር የምንነዳው። የደሴ ተራ የኔ ነበር፤ ወገቤን ታምሜ ለምኜው እሱ ወጣልኝ። ሲመለስ ከጣርማ በር በታች ፍሬን እንቢ አለው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።» ኮፍያቸውን አዟዟሩ። «የኔ ሞት ነበር። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ለቅሶ አልደረስኩም። ሚስቱን ምን ብዬ ልያት? ደብረ ብርሃን አገሬ ነው፤ በኮፍያ ተሸፍኜ ነው የማልፈው። ዛሬ ስሜ ሲጠራ፣ ሞት ያኔ የሳተውን አሁን አገኘው አልኩ።»

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለጌታሁን ለብቻ፣ ለንጉሤ ለብቻ። ጋሼ ንጉሤ «አሜን» አሉ፣ እኔም ብሩክም አልን። ከዚያ ሼሁ «የለቅሶው ባለቤት እንግዲህ ታውቋል» አሉ። «ሂዱ። ከአሥር ሰዓት በፊት እለፉ።»

ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት። የእትዬ ዘነቡ ግቢ፣ ዳግመኛ

እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ነው ያገኘናቸው። እንቅልፍ እንዳልያዛቸው ዓይናቸው ይናገራል። ሽማግሌውም ከዘራቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ከትናንቶቹ ሴቶች አራቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳለ ይዘው፣ ለማዘቅዘቅ ፈቃድ እየጠበቁ ነው።

«ስም አመጣህ?»

«አመጣሁ» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

እትዬ ዘነቡ ከፓፓያው ሥር አስቀመጧቸውና ጠየቁ። ስሙ? ሥራው? አገሩ? እንዴት ሞተ? ማን ቀረበት? ጋሼ ንጉሤ አንድ በአንድ መለሱ። «አንተስ ምኑ ነህ?» ሲሏቸው ግን አልቻሉም። እትዬ ዘነቡ አላስጨነቋቸውም።

ማይክሮፎኑን አልዘረጋሁም ነበር። «ልቅረጽ፣ ጋሼ?» አልኩ።

«ቅረጪው። ሚስቱ ትሰማዋለች።»

ብሩክ ካሜራውን ከመሬት አላነሣም። ማንም አልነገረውም።

> ተራ ቢለምኑት እሺ ብሎ ወጣ፣
> ጌታሁን ለሰው ሄዶ ለራሱ ሳይመጣ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጋሼ ንጉሤ መጀመሪያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ከዚያ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፣ አንዴ መታ፣ ደገመ። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ለቅሶ ሲወጣ ድምፁ አያምርም፤ እንደ ሳል ነው። መለኪያውን አላየሁም። እኔም አለቅስ ነበርና ድምፄ ቅጂው ውስጥ ገብቷል፤ ባለሙያ የማያደርገው ስሕተት ነው።

> ያለ ወዳጅ ዕንባ የተኛኸው ሬሳ፣
> ባልንጀራህ መጣ፣ ቀና በል ተነሣ።

እትዬ ዘነቡ ሲጨርሱ ላባቸውን ጠረጉና «ተዘጋ» አሉ። የትናንቱን ቅጂ እዚያው፣ በጋሼ ንጉሤ ፊት አጠፋሁት። ብሩክም ምስሉን አጠፋ። በፊልሙ ሁሉ እንዲህ ያለ ሦስት ደቂቃ አላገኘንም፣ ወደፊትም የምናገኝ አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ወደ ላይ

ዛሬ ጉም የለም። ዳገቱ ከሥሩ እስከ ዋሻው ድረስ ይታያል፤ ለፈሪ ሰው ይኸ ከጉም አይሻልም። እዚያ ጥምዝ ላይ ስንደርስ ጋሼ ንጉሤ መኪናውን ዳር አቁመው ወረዱ። ገደሉን ቁልቁል አዩ፤ ሳር ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ተመልሰው ገቡና ክላክሱን ሁለቴ ነኩ።   ልጃቸው ደወለች፤ አነሡላት። «ገና ነኝ» አሉና ዘጉ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ደብረ ብርሃን

ከገበያው ጀርባ፣ የጌታሁን ሚስት ቤት፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ብርዱ ጃኬታችንን መልሶ አስለብሶናል። ሦስት ቀን የፈራሁት መንገድ አልቋል፤ ጋሼ ንጉሤ ግን ከመኪናው መውረድ አቃታቸው። ሁለቴ በሩን ከፍተው ሁለቴ ዘጉት።

«ብታባርረኝስ?» አሉኝ።

 ስለ ፍርሃት ሊጠየቅ የሚገባው ሰው እኔ ነኝ። የጠበሉን ጠርሙስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጃቸው ላይ ትንሽ አፍስሰው ፊታቸውን ዳበሱ፣ ኮፍያቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወረዱ። መቅረጫውን ታቅፌ ከኋላቸው ሄድኩ።

አንኳኩ። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣና በሩ ጋ ቆመ።

«ማነው?»

ጋሼ ንጉሤ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ንጉሤ ነኝ።»

 የመቅረጫዬን ማሰሪያ በጣቴ ላይ ጠመጠምኩት።

«ቆየህ፣ ንጉሤ» አለች የሴትዮዋ ድምፅ፤ መቀርቀሪያው ተሳበ።